የእትዬ ፈጡማ አልሐምዱሊላህ

አማቴ እትዬ ፈጡማ ከደሴ ተነስተው ሜልቦርን የገቡ ዕለት ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር «ሾርባሽ ጨው የለውም» የሚል ነው። ያን ሁሉ አገር በአውሮፕላን አቋርጠው፣ ሻንጣቸው ገና በር ላይ ቆሞ! እኔም ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ጨው ለደም ብዛት አይሆንም ብዬ መለስኩላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና እሳቸው አንድ ትልቅ ሕንጻ ላይ ባለች ፍላት ውስጥ ስንነካከስ ኖርን። ባለቤቴ አብዱልናስር መሀል ገብቶ ማስታረቁ ሲሰለቸው ጊዜ ቴሌቪዥኑን ከፍ ማድረግ ተማረ።

ግን ወላሂ፣ እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። ባላቸው ሲሞቱባቸው ደሴ ላይ ጨርቅ እየሸጡ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። እኛ ሰፈር፣ ፍሌሚንግተን፣ መጥተው ወር ሳይሞላቸው የሕንጻው ሰው ሁሉ አወቃቸው። ሊፍት ውስጥ የገባውን ሁሉ፣ ቬትናማዊውንም ቱርኩንም ሶማሌውንም፣ በአማርኛ «እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ይላሉ። ሰዉም በየቋንቋው ይመልስላቸዋል። እኔ ስንት ዓመት በኖርኩበት ሕንጻ ውስጥ የጎረቤቶቼን ስም ያወቅሁት በእሳቸው ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳይናገሩ የማንን ልጅ ምን እንዳመመው፣ የማን ባል ሥራ እንደለቀቀ ያውቁ ነበር። እንዴት እንደሚያውቁት አላህ ይወቅ።

አንድ ነገራቸው ግን ያናድደኛል። ይሉኝታቸው ለጉድ ነው። ለእኔ ሲሆን ይሉኝታ ብሎ ነገር የለም፣ ያሰቡትን ፊት ለፊት ነው የሚሉኝ። ሌላ ሰው ግን ትንሽ መልካም ከዋለላቸው፣ ያ ሰው እግራቸውን ቢረግጣቸው እንኳ አይናገሩም። «እንዴት ነዎት?» ላላቸው ሁሉ መልሱ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና» ነው። ልባቸው ቆሞ ቢጠየቁ አልሐምዱሊላህ ሳይሉ አይወድቁም። ይህ ጠባያቸው ነው ከቤታቸው ሊያስወጣቸው የነበረው።

ነገሩ የተጀመረው በደም ብዛት ኪኒን ነው። ያዘዙላቸው ዶክተር ፓስኮ ናቸው። ሬስኮርስ ሮድ ላይ ክሊኒክ ያላቸው፣ ጸጉራቸው የነጣ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። አማቴ ገና ከበሩ ሲገቡ ዶክተሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ክንዳቸውን ደግፈው ያስቀምጧቸዋል። ይህቺን ነገር ሲያዩ አማቴ በቃ ተሸነፉ። ቤት ተመልሰው ለጎረቤቱ ሁሉ «ከወንበራቸው ይነሱልኛል» ብለው አወሩ።

ኪኒኑን በጀመሩ በሳምንታት ውስጥ እግራቸው አበጠ። ኪኒኑ ነው ያሳበጠው፤ ያን ጊዜ ግን ማን ያውቃል? እኔ ራሴ እብጠቱን አላየሁም፣ ቀሚሳቸው እስከ መሬት ነው። ዶክተር ፓስኮ ጋ በሚቀጥለው አፖይንትመንት ስንሄድ መድኃኒቱ ተስማምቷቸው እንደሆነ ጠየቁ። አስተረጎምኩ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ አላህ ይስጥልኝ በያቸው» አሉ። ያሉትን አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ጠንቋይ አይደለሁም።

የእግራቸውን እብጠት ለልጃቸው ለኒስሪን ነገሩ። ኒስሪን የባለቤቴ እህት ናት፣ ሜድስቶን ነው የምትኖረው። እሷ ደግሞ ደግ ናት፣ ሳትውል ሳታድር ከትልቁ የገበያ ማዕከል አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። እዚያ ያለው ወጣት ሐኪም ውሃ የሚያስሸና ኪኒን ሰጣቸው። እብጠቱ ትንሽ ቀነስ አለ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት መመላለስ ሆነ፣ ከአልጋ ሲነሱም ራሳቸውን ያዞራቸው ጀመር። ለወጣቱ ሐኪም እንዳይነግሩት ደግሞ «ለእግሬ የደከመልኝ ልጅ ነው» ብለው አዘኑለት። ሌላ ቀን እዚያው ክሊኒክ ሌላ ሴት ሐኪም ጋ ገቡና ስለማዞሩ ብቻ አወሩ። እሷም በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ፣ ማዞር የሚያቆም ኪኒን አዘዘችላቸው።

እንግዲህ አስቡት፤ ሁለተኛው ኪኒን የመጣው በመጀመሪያው ጦስ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ጦስ ነው። ሦስት ሐኪም፣ ሦስቱም የአቅሙን ያደረገ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አያውቅም። ለእያንዳንዳቸው አልሐምዱሊላህ ተብሏል።

በክረምቱ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንኪያ ይዘው ሾርባው አፋቸው ሳይደርስ ያልቃል። እርምጃቸው አጥሮ መሬቱን እየጎተቱ መሄድ ጀመሩ። ፊታቸው ግን ነው አንጀቴን የበላው። ያ ሲቆጣ የሚያምር፣ ሲስቅ የሚያበራ ፊት ዝም አለ። የሚያስቃቸውም የሚያናድዳቸውም ነገር አንድ ሆነባቸው። ሊፍት ውስጥ ሰው ሰላም ሲላቸው ለመመለስ ብዙ ይቆያሉ፣ እስኪመልሱ ሰውየው ወርዷል። አንድ ቀን ሆን ብዬ ጨው ያልነካው ሾርባ አቀረብኩላቸው። ጠጡት። ምንም አላሉም። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ወደቁ። ሆስፒታል ወሰድናቸው። መድኃኒታቸውን ጠየቁን፣ በፌስታል ሰብስበን ያመጣነውን ሁሉ አሳየን፣ አይተው መለሱልን። የአንጎል በሽታ ነው፣ የሚያንቀጠቅጥና የሚያደርቅ፣ እየባሰ እንጂ እየተሻለ የማይሄድ፤ አእምሯቸውም ሳይነካ አይቀርም፤ ብቻቸውን መዋል የለባቸውም አሉን። እኔ በጠዋት ሺፍት ብስኩት ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ አብዱልናስር ከሰዓት ሺፍት ነው፣ ጠዋት ይተኛል፣ መሀል ላይ እሳቸው ለጥቂት ሰዓት ብቻቸውን ናቸው። ነርሲንግ ሆም ይሻላል ተባለ፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚኖሩበት፣ ነርስ ያለበት ቤት። አብዱልናስር በደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ከዚያ ተነስቶ ተራ አስያዘላቸው። ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱን ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያነሳ እሱ ነው።

ሲነገራቸው እትዬ ፈጡማ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «እዚያ ቤት ሰላም የምለው ሰው አለ?»

አብዱልናስር ወደ መስኮቱ ዞረ፣ እኔም ሳህን አነሳሁ። እሳቸውም «ይሁን፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ረመዳን ገባ። በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት ላይ፣ ጥር ወር፣ የሜልቦርን በጋ በሚያቃጥልበት ሰዓት። ቀኑ አያልቅም፣ ፀሐይዋ ልሂድ አትልም። ሼኹ መጥተው ሕመምተኛ መጾም እንደሌለበት፣ ስለሳቸው ድሃ ብናበላ እንደሚበቃ አስረዷቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዴ በፊት ቁርሳቸውንና ምሳቸውን፣ የቀኑን ኪኒናቸውንም በትንሽ ሰሃን አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ትቼላቸው እወጣለሁ። ስመለስ ኪኒኑ የለም፣ ምግቡም አልቋል። ሳህኑም ታጥቦ ተደፍቷል። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሳህን ያጥባሉ ብዬ ስገረም ነበር።

ረመዳኑ ሲጋመስ፣ አብዱልናስር ዕረፍት በሆነበት አንድ ምሽት ተምር በልተን ሾርባ ቀርቧል። እትዬ ፈጡማ ማንኪያቸውን አነሱ፣ ቀመሱ፣ ማንኪያውን አስቀመጡ። ቀና ብለው አዩኝ። «ሾርባሽ» አሉኝ፣ «ጨው የለውም።»

እኔና አብዱልናስር ተያየን። እሱ የያዘውን ሳንቡሳ ጣለው። እኔ ደስ ብሎኝ ነው ደንግጬ ነው አላውቅም፣ ተነስቼ ጨዉን አመጣሁና እስኪበቃቸው ነሰነስኩላቸው። ያን ጊዜ ነው ማንኪያው አፋቸው ሲደርስ ሙሉ እንደነበር ያስተዋልኩት። አሁንም እጃቸው ትንሽ ይርበተበታል፣ ግን ሾርባው አልፈሰሰም።

ምስጢሩ የወጣው ላውንደሪ ውስጥ ነው። በየፎቁ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለን። ቀሚሳቸውን ከማሽኑ ሳወጣ ኪሱ በነጭ ነገር ተለስኗል። ጣቴን ሰድጄ ዳሰስኩት። ኪኒን ነው፣ የሟሟና ያልሟሟ፣ ተደራርቦ። ደሜ ፈላ። እርጥቡን ቀሚስ እንደያዝኩ ገባሁና ፊታቸው ዘረጋሁት። እሳቸውም ሳያፍሩ ሳይፈሩ «ጾመኛ ነኝ» አሉኝ።

ለካስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይጾማሉ! ምሳው የት ይገባል ስላቸው፣ ጎረቤታችን ቬትናማዊቷ አሮጊት እንደሚበሉት ነገሩኝ። ሳህኑንም አጥበው የሚመልሱት ሴትየዋ ናቸው። እኔ በጾም አንጀቴ በጠዋት ተነስቼ ሠርቼ የምሄደውን ምሳ ሴትየዋ በደስታ ሲበሉ ከርመዋል። እንግሊዝኛም አማርኛም ሳይኖር እነዚህ ሁለት ሴቶች ይህን እንዴት እንደተስማሙ ዛሬም ይገርመኛል። ኪኒኑን ደግሞ መጣል ነውር ሆኖባቸው፣ ከሐኪም እጅ የመጣ ነው ብለው ኪሳቸው ያስቀምጡት ነበር።

ልጮህባቸው አፌን ስከፍት፣ ተነስተው ከእኔ እጅ ቀሚሱን ወሰዱና በረንዳው ላይ ሊያሰጡ ሄዱ። ሄዱ ስላችሁ፣ እግራቸውን እያነሱ ነው የሄዱት። መጮሁን ትቼ ተከትያቸው ወጣሁና እንደ መርማሪ ጠየቅኳቸው፤ ማዞሩ መቼ መጣ፣ መንቀጥቀጡስ ከየትኛው ኪኒን በኋላ? ያን ጊዜ ነው የእግሩን እብጠት፣ የሽንቱን፣ የማዞሩን ነገር ሁሉ ተራ በተራ የነገሩኝ። ለምን ለዶክተር ፓስኮ እንዳልነገሯቸው ስጠይቅ እንደ እብድ አዩኝ። ሊያድነኝ እጁን የዘረጋን ሰው «ጎዳኸኝ» እለዋለሁ እንዴ፣ ጨርሶ ሰው አይደለሁም እንዴ ነው መልሳቸው።

በዚያው ሳምንት ነርሲንግ ሆሙ ደወለ። ክፍል ተገኝቷል፣ እስከ አርብ መልስ ስጡን ተባለ። እኔ ኪኒኑ ነው እያልኩ እለፈልፋለሁ፣ አብዱልናስር ግን ፈራ። ዛሬ ቢሻላቸው ነገ ቢወድቁስ አለ፤ ሆስፒታል ያየውን አንቺ በሾርባ ማንኪያ ታፈርሺዋለሽ ወይ አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በመጨረሻ ተስማማን፤ ዶክተር ፓስኮ ቤታቸው ይቆዩ ካሉ ይቆያሉ፣ ካላሉ አርብ ይገባሉ። ደውዬ ለሐሙስ ቀጠሮ ቡክ አደረግሁ።

ሐሙስ ዕለት ሬስኮርስ ሮድን በእግራቸው ሄዱት። እኔ በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን በእንግሊዝኛ ሳሰናዳ፣ ገመቱኝ መሰለኝ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሙ። እሳቸው ያሉትን ብቻ እንድል፣ ከራሴ ጨምሬ ሰውየውን እንዳላሳጣ አስጠነቀቁኝ። አርብ ነገ ነው እኮ! ላንቃቸው ደርቆ፣ ፀሐይ አናታቸው ላይ ቆማ፣ እሳቸው የሚጨነቁት ለሐኪሙ ክብር ነው። ምን ይደረጋል፣ እሺ አልኩ።

ዶክተር ፓስኮ እንደ ልማዳቸው ከወንበራቸው ተነሱ፣ ክንዳቸውን ደግፈው አስቀመጧቸው። እንዴት ነዎት ብለው ጠየቁ። እትዬ ፈጡማም ቀበል አድርገው «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

በቃ አለቀልን አልኩ በሆዴ። ዶክተሩ ከሆስፒታል የተላከላቸውን እያዩ፣ ሕመሙን እንደሰሙና በጣም እንዳዘኑ ተናገሩ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ፣ ምላሴን ነከስኩ፣ አሁንስ ልናገር ስል አማቴ የእጄን አንጓ ያዙኝ። አያያዛቸው ጠንካራ ነበር። አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ዶክተሩን በቀጥታ እያዩ መናገር ጀመሩ። መጀመሪያ የዶክተሩን ጤና ጠየቁ። የባለቤታቸውን፣ የልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ጠየቁ። ዕድሜ እንዲሰጣቸው ዱዓ አደረጉላቸው። እኔ ሁሉንም አስተረጎምኩ፣ ዶክተሩም ግራ እየገባቸው ሁሉንም መለሱ። አማቴ ትንፋሽ ወሰዱ።

«ዶክተር» አሉ፣ «መድኃኒትዎ ጎድቶኛል። እርስዎ እኔን ሲያዩ ከወንበርዎ የሚነሱ ሰው ነዎት፣ ይህን ለእርስዎ መናገር ከሞት ነው የሚብስብኝ። ግን ዛሬ ዝም ካልኩ ነገ ሰላም የምለው ሰው ወደሌለበት ቤት ይወስዱኛል።»

አስተረጎምኩ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ዶክተር ፓስኮ ወረቀቱን አስቀመጡ። ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥተው ፊት ለፊታቸው፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ከመጀመሪያው ንገሩኝ አሉ። አማቴም ነገሯቸው። እግሩን፣ ሽንቱን፣ ማዞሩን፣ የሜድስቶኑን ወጣት ሳይወቅሱ፣ ሴቲቱንም ሳይወቅሱ። ጾሙንና ኪሳቸውን ሲነግሯቸው ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረው በትክክል መተርጎሜን ጠየቁ። ከዚያ እጃቸውን እንዲዘረጉ፣ ጣታቸውን እንዲያነካኩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ እንዲሄዱ ለመኗቸው። ከፌስታሉ ውስጥ የማዞሩን ኪኒን አውጥተው ብዙ ቆይተው አዩት። ያ ኪኒን አሮጊትና ሽማግሌ ላይ ልክ ያንን የአንጎል በሽታ የሚመስል ነገር እንደሚያመጣ፣ ሲቆም ደግሞ ቀስ በቀስ እንደሚለቅ አስረዱኝ። እሳቸው ራሳቸው ያዘዙት የደም ብዛት ኪኒንም እግር እንደሚያሳብጥ ያውቁ ነበር፣ ግን ቀሚሱን ገልጠው አላዩም። ዝም ብለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማቆማቸው አደገኛ እንደነበር ሳይናገሩ አላለፉም። የደም ብዛታቸውን ለኩ፣ ከፍ ብሏል። ሌላ ዓይነት አንድ ኪኒን ብቻ፣ ከፍጡር፣ ማታ ጾም ከተፈታ በኋላ የሚወሰድ አዘዙላቸው፣ ሌላው ሁሉ ቀረ። እጃቸው ጨርሶ ለመስተካከል ወራት ሊፈጅ ይችላል አሉ። ለነርሲንግ ሆሙ እዚያው ፊታችን ደወሉና እኚህ ሴት አይመጡም፣ ክፍሉን ለሌላ ስጡ አሉ። ሆስፒታልም ደወሉ፤ ያኛው ረዘም ያለ ክርክር ነበር።

ስልኩን ዘግተው ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። እኔ ስንት ሐኪም አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። የአማቴን እጅ ያዙና የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አሉ። ይቅርታ ብዬ ልተረጉመው ነበር፣ ግን አማቴን የሚደርሳቸው ሌላ ቃል ነው።

«አፉ በሉኝ ይላሉ» አልኳቸው።

እትዬ ፈጡማ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አፉ ብያለሁ» አሉ፣ «ከልቤ።»

ተመልሰን የሕንጻችን ሊፍት ውስጥ ስንገባ የቬትናማዊቷ ጎረቤታችን ልጅ ነበረች፣ አማቴም «እንዴት ዋልሽ፣ እናትሽ ደህና ናቸው?» አሏት። ልጅቷም በቬትናምኛ የሆነ ነገር መለሰች። እኔ ደግሞ ከነገ ጀምሮ የእናትሽ ምሳ እንደሚቀር በምን ልንገራት እያልኩ ነበር። አብዱልናስር በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ፊቴን አይቶ ገባው፣ እናቱን አቅፎ አልለቅም አለ። እሳቸውም ከሥራ ትቀራለህ ብለው ገፈተሩት።

ከኢድ በኋላ ዶክተር ፓስኮ ጋ ተመልሰን ሄድን። አማቴ በአዲስ ቀሚስ፣ ቀጥ ብለው። ዶክተሩ ተነሱ፣ ክንዳቸውን ሊደግፉ ዘረጉ፣ ግን አማቴ ቀድመው በራሳቸው ተቀምጠው ነበር። ዶክተሩ ሳቁና እንዴት ነዎት ብለው ጠየቁ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ፈጡማ። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። «ጊዜ አለዎት?»

ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ ጊዜ አለኝ አሉ።

«እንግዲያው ከጉልበቴ ልጀምርልዎት» አሉ።